ኣልጋነሽ እና የቁሓ መንገድ ነፋስ

መቀሌ ውስጥ ብስክሌት መንዳት የማይችል ሰው ካለ ነውሩን ይደብቃል። መዋኘት የማይችል ግን አይደብቅም፤ ከማን ይደብቃል? ውሃ በዚህ ከተማ ከዓይናለም ጉድጓድ ተስቦ፣ ቧንቧው የራራልን ቀን በጀሪካን የሚቀዳ ነገር ነው እንጂ ሰው ልብሱን አውልቆ የሚንቦጫረቅበት አይደለም። ስለዚህ ከሮማናት አደባባይ ዝቅ ብላ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ኣልጋነሽ፣ አርባ ዓመት በሞላት ሰሞን «ዋና ልማር ነው» ስትል ደንበኞቿ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

«ኣንቲ ኣልጋነሽ፣ በምን ውስጥ ነው የምትዋኚው? በጀሪካን?» አለቻት ካስክ ሥር ፀጉሯን የምታደርቀው ወይዘሮ እታፈራሁ።

«በሆቴል ገንዳ።»

«ባልሽስ?»

«እሱ አይዋኝም።»

«እንደማይዋኝማ አውቃለሁ። ምን አለ ነው ያልኩሽ።»

«እንዳትሰምጪ አለ።»

ነገሩን ያመጣው ማስታወቂያ ነው። ትሪያትሎን የሚባል ውድድር በከተማው ሊካሄድ ነው፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሦስቱም ተከታትለው፣ በመሃል ቁጭ ሳይባል። ተወዳዳሪዎቹ ደሞዝ የሚከፈላቸው ስፖርተኞች አይደሉም፤ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ተማሪው፣ ሥራውን ውሎ በተረፈችው ሰዓት የሚለማመድ ሁሉ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር ነበረች፦ ሦስቱንም የጨረሰ ሰው ስሙ በሮማናት አደባባይ ይነበባል። አንደኛ የወጣ አላለም። የጨረሰ ነው ያለው። ኣልጋነሽን የያዛት ይህ ቃል ነው።

ይህች ሴት በዕድሜዋ የጀመረችው ነገር ሁሉ መሃል መንገድ ላይ ተቆርጦባታል። ትምህርቷ እናቷ ሲታመሙ አሥረኛ ክፍል ላይ ቀረ። የፀጉር ሥራ ሥልጠናዋን ልትመረቅ ስትል ጦርነቱ መጣና ማሠልጠኛውም ተዘጋ፣ ሰርተፊኬቱም ቀረ። ቤቷ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ይጠብቃል። ብስክሌቱስ? ልጅ ሆና ወንድሞቿን ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ቁሓ ድረስ አስከትላ ትበር ነበር፤ ጡት ስታወጣ ከኮርቻው አወረዷት። ማን አወረዳት ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይደለም። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈርድ ሰው ስሙን አይናገርም፤ «ሰው ምን ይላል» ከሚሉት ግንብ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚተኩሰው። ተመልሳ ኮርቻው ላይ የወጣችው ከተማው ነዳጅ ባጣበት በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። ያኔ ሚኒስትርም ቢሆን ጫማውን አስሮ የሚሄድበት ሰዓት ነበርና ሴት ኮርቻ ላይ ወጣች ብሎ የሚቆጣ አፍ አልተገኘም። ባሏ ገብረሃንስ ብስክሌቱን ሰጣት። ጀሪካን ከኋላ አስራ ውሃ ስታመላልስ እግሯ የረሳውን ሁሉ አስታወሰ።

እና ብስክሌቱ አለ። ሩጫውም እንደምንም ይሆናል። የቀረው ውሃው ነው።

አስተማሪዋ ፈለቀ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የሐዋሳ ልጅ፣ ከመራመዱ በፊት ሐይቅ ውስጥ የገባ። መቀሌ ተመድቦ ሲመጣ ከሁሉ የናፈቀው ውሃ ነውና በሳምንት ሁለት ማታ ሆቴሉን ለምኖ የፈለገን ሰው ያስተምራል። ለምኖ ነው ያልኩት። ገንዳው እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓመቱን ሙሉ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይውላል፤ የከተማው ልጅ ደግሞ በአጥር ቀዳዳ ያየዋል። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ግን ወደ ኣልጋነሽ ልመለስ።

የመጀመሪያው ቀን በዓል ማግስት ነበር። ኣልጋነሽ ራሷን በወፍራም ሹሩባ ተሠርታ፣ አናቷን በቅቤ አርሳ ገንዳው ዳር ቆመች። ፈለቀ የዋናውን ቆብ ሊያጠልቅላት ሞከረ፤ ቆቡ እየተንሸራተተ ተስፈንጥሮ አጥሩ ሥር ወደቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሹሩባ።»

«እሱንማ አየሁት። የሚያብረቀርቀው?»

«ቅቤ ነዋ።»

«ቅቤ ተቀብተሽ ነው ገንዳ ውስጥ የምትገቢው?»

«ያንሳፍፈኛል ብዬ ነው» አለች፣ ሳትስቅ።

በማግስቱ ፀጉሯን በራሷ መቀስ አሳጥራ ቆረጠችው። ሱቋ የገቡ ሴቶች ደነገጡ፤ ፀጉር ሠሪዋ ፀጉር ከሌላት እኛን ማን ሊያሳምረን ነው አሉ። እሷ ግን ማታ ማታ ገንዳው ውስጥ ገብታ ውሃውን እንደ ባለጋራ ትደበድበዋለች፤ ፈለቀ ከዳር ሆኖ «አትምቺው፣ ምንም አልበደለሽም» ይላታል። ውሃ ትውጣለች፣ ታስላለች፣ ትስቃለች። አንድ ማታ ፊቷን ውሃው ውስጥ ቀብራ ትንፋሿን በአረፋ እየለቀቀች ከዳር እስከ ዳር ደረሰች። ጫፉን ይዛ ቀና ስትል የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ሆዴ ውስጥ ሠርግ አለ።» ፈለቀ እስከ ዛሬ ይህን እየደጋገመ ያወራል።

ሰው ግን ምን ብሎ ጠየቃት መሰላችሁ? «ስንት ይከፍላሉ?» ሰው ደስ ስላለው ብቻ ሲያልበው የሚያሳስበን እኛ ምን ዓይነት ፍጥረት ነን? ከመጠጥ ቤት እየተንገዳገደ የሚወጣውን «ስንት ተከፈለህ» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የመጀመሪያው ውድድር ደረሰ። ከገንዳው ከኋላ ሁለተኛ ሆና ወጣች፤ ወጣች ነው ቁም ነገሩ። ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ሌላ ሰው ሆነች። የእንዳየሱስን ዳገት ስትወጣው ከፊቷ የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። ከዳገቱ በላይ ወደ ቁሓ የሚወስደው ሜዳ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ይጠብቃል፤ እዚያ ፊዮሪ የምትባል፣ የምታውቃትን የባንክ ሠራተኛ አገኘች። ተያዩና ሳይነጋገሩ ተስማሙ።

የመቀሌ ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከፊት ያለው ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላ ያለው ጎማው ላይ ተለጥፎ ያርፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ተራውን የማይወጣ «ተሳፋሪ» ይባላል፤ በዚያ መንገድ ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሁለቱ ሴቶች ተራ በተራ ነፋሱን እየተካፈሉ ሲበሩ ከኋላቸው በሞተር የሚከተል ዳኛ ፊሽካ ነፋ። ሞተር ከኋላ ሲያፏጭ በዚህ ከተማ ምን ይደረጋል? ጥግ ተይዞ፣ ጥብቅ ተብሎ መንገድ ይለቀቃል። ይበልጥ ተጠጋጉ። ዳኛው እጁን እያወናጨፈ ደግሞ ነፋ።

«መኪና መጥቶ ነው መሰለኝ፣ ተጠጊ ፊዮሪ።»

ተጠጋች። የብስክሌቶቹ ጎማ ሊሳሳም ደረሰ። ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ። ኣልጋነሽ ዞር ብላ አየችው፤ ማበረታቻ መስሏት እጇን አውለበለበችለት።

ሩጫውን ጨርሳ ሮማናት ስትደርስ ፊቷ ያበራል። ገብረሃንስ ጋቢ ይዞ ቆሟል። ስሞቹ ተነበቡ። የእሷ የለም። ቀይ ካርዱን ያወጣውን ዳኛ ፈልጋ አገኘችው፤ ሔሩይ ይባላል፣ ትሑት ልጅ ነው።

«በዚህ ውድድር ነፋስ መካፈል ክልክል ነው፣ ሓፍተይ። በመካከላችሁ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ሊኖር ይገባ ነበር። ጠዋት ተነግሯል።»

«ጠዋት እኔ ውሃውን ነበር የማየው» አለች ኣልጋነሽ።

ሕጉ ሕግ ነው፤ እያንዳንዱ በገዛ ጉልበቱ ይመዘን ነው የሚለው፤ አልጠላውም። የምጠላው ሕጉን ጠዋት በተሰነጠቀ ማጉያ አጉረምርመው፣ ሰው ሰማ አልሰማ ሳይሉ፣ ማታ በቀይ ካርድ የሚያስተምሩትን ነው። ሕፃንነቱን ሙሉ «ወንድምህን ነፋስ ላይ ጥለህ አትሂድ» ሲባል ላደገ ሰው ይህ አንዴ ሳይሆን አሥር ጊዜ፣ ዓይኑ እየታየ መነገር ነበረበት።

ያን ማታ ገብረሃንስ እግሯን እያሸ፣ «ተራሽን ወጥተሻል?» አላት። በወጣትነቱ እሱም የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር።

«ወጥቻለሁ።»

«በቃ እንግዲህ። የቀረው የነሱ ነው።»

«በቃ አይደለም። አልጨረስኩም።»

ይህ «አልጨረስኩም» ከየት እንደመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ አብረው ወደ ቁሓ ወጡ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ በአውቶቡስ ርዝመት። ምስኪን ገብረሃንስ አልሆነለትም። ሳያስበው ጎማው እንደ ማግኔት ወደ ጎማዋ ይሳባል።

«ተጠጋህ።»

«ልማድ ነው።»

«ራቅ።»

«ሚስቴን ራቅ የሚለኝ ስፖርት» እያለ ያጉተመትማል፤ ይርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እዚያው ነው። በዐቢይ ጾም ሽሮ በልታ፣ አንዳንዴም ምንም ሳትበላ፣ ከቅዳሴ መልስ ትወጣ ነበር። ፈለቀ ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። «መኪና ያለ ነዳጅ ይሄዳል?» ሲላት፣ «በዚህ ከተማ አዎ፣ ሁለት ዓመት ሄዷል» አለችው።

ሁለተኛው ውድድር ጥር ላይ ሆነ። ከተወዳዳሪዎቹ መሃል ሆና ከውሃው ወጣች፤ ፈለቀ ገንዳው ዳር እየሮጠ ጫማው ውሃ ገባ። ዳገቱን በላችው። ሜዳው ላይ ስትወጣ ነፋሱ ካምናው ብሶ አቧራውን ፊቷ ላይ ይበትናል። ከፊቷ ያለችው ፊዮሪ ነች። ፊዮሪ ዋናተኛ ናት፤ ከውሃው ቀድማ ወጥታ አሁን ነፋሱ ጨርሷታል፤ ትከሻዋ ወድቋል፣ ብስክሌቷ ይንገዋለላል። ኣልጋነሽ ርቀቷን ጠብቃ ከጎን አለፈቻት። ወዲያው ከኋላዋ የጎማ ድምፅ ሰማች፤ ፊዮሪ ተለጥፋለች።

«ፊዮሪ፣ ራቂ።»

«አልችልም ኣልጊ። ትንሽ ብቻ። እግሬ ሞቷል።»

የሔሩይ ሞተር ከሩቅ ይሰማል። ይህ ነው እንግዲህ ጭንቁ። ከኋላ የተለጠፈችው ፊዮሪ ናትና ቅጣቱ የፊዮሪ ብቻ ነው፤ ኣልጋነሽ ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አይነካትም፣ ስሟም ይነበባል። ግን ልጅቷን ቀይ ካርድ ሥር ጥሎ መሄድ አለ። ተራ እንቀያየር ብትል ደግሞ ሁለቱም ከውድድሩ ይወጣሉ፤ ያምናው ይደገማል።

ኣልጋነሽ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ካስክ ሥር ሳይሰለች የሚያስቀምጠው ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ስሚኝ፣ አውቶቡስ ያህል ራቂ፣ የሁለቱን ሙሽሮች እነግርሻለሁ» ብላ ጮኸች። ነፋሱ ፊት ለፊት ነውና ድምፅዋን አንስቶ ወደ ኋላ ወሰደው። «ባለፈው እሑድ ሁለት ሙሽሮች በአንድ ጠዋት ሱቄ መጡ። ሁለቱም ቬል አድርገዋል፣ ሁለቱም አንድ ቁመት ናቸው።»

የጎማው ድምፅ ራቀ።

«ሚዜዎቹ ተጣድፈዋል። ቄሱ ይጠብቃሉ አሉ። አንደኛዋን ብድግ አድርገው መኪና ውስጥ አስገቧት።»

«የትኛዋን?» አለች ፊዮሪ ከሩቅ።

«ቀረሽ፣ አልሰማሁሽም። ፍጠኚ።»

«የትኛዋን ነው ያስገቡት?»

«አሁን ደግሞ ተጠጋሽ። ከዚያው ሆነሽ ስሚ። ያቺን ያልሆነችዋን፣ የሌላውን ሙሽሪት ነዋ። መኪናው ዓይናለም ደረሰ። ልጅቷ በቬሉ ውስጥ ሆና አጠገቧ ያለውን ሙሽራ ታየዋለች።»

«ምን አለችው?»

«ይቺን ትንሽ ዳገት እንለፋትና።»

የሔሩይ ሞተር አጠገባቸው ደረሰ። ርቀቱን በዓይኑ ለካ፤ አውቶቡስ ቀርቶ ተሳቢውም ይገባል። ሌሎች የሚጠብቃቸው ተወዳዳሪዎች ነበሩት፤ እሱ ግን ነዳጁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ጥቂት አብሯቸው ሄደ። ኣልጋነሽ ቁሓ መዞሪያው ድረስ ያን ሠርግ እንደ ክር አስረዘመችው፤ ጉሮሮዋ አቧራ በአቧራ ሆነ። ሲዞሩ ነፋሱ ከጀርባ መጣ። ያኔ ዞር ብላ እየጮኸች፣ ሙሽሪቷ «አንተ ቆንጆ ነህ፣ ግን የኔው ይሻላል፣ መልሱኝ» እንዳለች ነገረቻት። ፊዮሪ እየሳቀች፣ ሙክክ ያለው እግሯ ነፍስ ዘርቶ፣ ቁልቁለቱን ወረደች።

ሩጫው ኣልጋነሽን ቀጥቅጧታል። ሮማናት ስትገባ የታክሲ ረዳቶቹ «ኣጆኺ፣ ኣጆኺ» እያሉ ያበረታቷታል፣ የሱቋ ሴቶች ካስክ ሥር የነበረችውን ሁሉ ይዘው ወጥተዋል፤ ወይዘሮ እታፈራሁ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ቆማለች። ገብረሃንስ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ «ቆይ፣ አትንካኝ፣ ይንበብ» አለችው።

የማጉያው ሰውዬ ወረቀቱን አየና፣ «ኣልጋነሽ ኣረጋዊ፣ ጨርሳለች» አለ።

ጠጋ አለችው። «ድገመው።»

ሰውዬው ግራ ገባው፣ ግን ደገመ። «ኣልጋነሽ ኣረጋዊ፣ ጨርሳለች።»

«አንዴ ደግሞ፣ ጮክ ብለህ፤ እዚያ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»

ሦስተኛውን ሲል የሴቶቹ እልልታ ድምፁን ዋጠው፤ ፊዮሪም በዚያው መሃል እያነከሰች መስመሩን አለፈች፤ ኣልጋነሽ ማጉያውን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ የፊዮሪን ስም ራሷ አነበበችላት።