መልእክትዎ ደርሷል

መነጽር ሠሪው ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ ያበላዋል፣ ሌላው ይበላዋል። የሚያበላው ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ሱቁ ናት። መስኮቷ ላይ የተደረደሩት ባዶ ፍሬሞች መንገደኛው ላይ ያፈጣሉ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሌንስ የሚሞርደው ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። የሚበላው ሥራ ደግሞ ከማሽኑ አጠገብ ሁሌም እንደተከፈተ በሚውለው አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ስሙ «ሸንጎ» ይባላል።

ሸንጎን የከፈተው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ስለ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕግ ሳይሰዳደብ የሚከራከርበት የኢንተርኔት ገጽ። አትሳቁ፣ ያን ጊዜ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ነበር። አሁን አራት ሺህ አባላት አሉት። ከአራት ሺው አፍ አውጥተው የሚናገሩት አርባ ይሆናሉ፤ ከአርባዎቹም ሠላሳው ሥራቸው የሌላውን አፍ ማዘጋት ነው። ሁሉም የሚገባው በቅጽል ስም ነው። «ነበልባል» የሚባል አለ፤ የሆነ ሰው ሳያቃጥል ውሎ አያውቅም። «የሰፈር ሽማግሌ» የሚባል አለ፤ እንደሚወራው ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ መነጽር ሠሪው፣ አንዲት የሆስፒታል ነርስ እና አንድ ጠበቃ።

የሸንጎ ቅጣት «ጽሞና» ይባላል። በሰው ወላጅ ወይም በሰው ትውልድ ላይ አፉን የከፈተ ሰባት ቀን ጽሞና ይገባል። ማንበብ ይችላል፣ የሚጽፈው ግን ለማንም አይታይም። ጽሑፉ «ማቆያ» ወደሚባል ሳጥን ይወርድና ጠዋት ጠዋት ተረኛው ዳኛ ሳያነብ ያጸዳዋል። ሳያነብ! ሕጉን ያወጣው ራሱ መነጽር ሠሪው ነው፤ ምክንያትም ነበረው። በሁለተኛው ዓመት ነርሷ ማቆያውን ከፍታ ስታነብ፣ አንድ የተቀጣ ሰው በእሷና በልጇ ላይ የጻፈውን አገኘች። ሁለት ወር ሙሉ ገጹን መክፈት አቃታት። «ከእንግዲህ የዚያን ሳጥን ቆሻሻ ማንም አያነብም» አለ መነጽር ሠሪው። ገጹን የሚጠግንለትን ቴክኒሻን ጠርቶም፣ የሚሰረዘው ነገር ቅሪት እንኳ እንዳይተርፈው አድርጎ እንዲሠራው አዘዘው።

አንድ ነገር ብቻ ማንም ልብ አላለውም። ሰው መልእክት በላከ ቁጥር ስክሪኑ ላይ «መልእክትዎ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ይህ ጽሑፍ ጽሞና ላይ ላለውም ሰው ይመጣ ነበር።

ከአርባዎቹ ተናጋሪዎች መካከል «ጠያቂው» የሚባል ሰው ነበር። ጽሑፉን ሁሌ የሚጀምረው «መጀመሪያ ችካል እንትከል» ብሎ ነው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ነጥቡን ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል። የሚመልስለት ካጣ በማግስቱ ይመጣና «ጥያቄዬ አልተመለሰም» ብሎ ይጽፋል። ሳምንትም ቢሆን፣ ወርም ቢሆን ያችኑ ይጽፋል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል፣ ጠላቶቹ ይበግናሉ፣ እሱ ግን ወይ ፍንክች።

መነጽር ሠሪው ይህን ሰው በሁለተኛው ጽሑፉ ነው ያወቀው። ለክርክር ችካል የሚተክል ሰው በዚህ ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ። ወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረው እሱ፣ ትምህርት ቤት እጁን ይዞ ያስገባው እሱ። «ጋሼ» ነው የሚለው። ይለው ነበር ብንል ይሻላል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩማ።

የተጣሉት በምርጫ ነው። በአንድ እሑድ ምሳ ላይ አንደኛው ለዚህ ፓርቲ፣ ሌላኛው ለዚያ ፓርቲ ጠበቃ ቆመው ሲፋጠጡ፣ ታናሹ ደሙ ፈላና «አንተ ድሮም ለአለቃ ማጎንበስ የለመድክ ሰው ነህ» አለው። ቀያሹ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «አጎንብሼ ነዋ ያሳደግኩህ» አለና ተነሥቶ ወጣ። ሁለቱም ፓርቲዎች ዛሬ የሉም፤ አንዱ ፈርሷል፣ ሌላው ስሙን ቀይሯል። ወንድማማቾቹ ግን ኩርፊያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ነው ጠያቂው ሸንጎ ላይ ብቅ ያለው። አንዱ የሌላውን ማንነት አውቋል፣ ሁለቱም አልተናገሩም። ስለ ግብር፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ምክር ቤት በየቀኑ ይከራከራሉ፤ አንዱ «ክቡር ጠያቂ» ሲል ሌላው «ክቡር ዳኛ» ይላል። የመነጽር ሠሪው ሚስት «ይሄን የስድብ ጉድጓድ ዘግተህ ለምን አትገላገልም?» ባለችው ቁጥር እሺ ይላታል፣ አይዘጋውም። ሸንጎ ከተዘጋ ጋሼን የሚያናግርበት ቀዳዳ የለውም። ብዙ ቀን «ጋሼ» ብሎ ጽፎ፣ ትንሽ አይቶት፣ መልሶ አጥፍቶታል። ነገ እልከዋለሁ ይላል። ነገ ደግሞ ነገ አለው።

አንድ ሰኞ ነበልባል ተነሥቶ የሸንጎ መሥራች ተገዝቷል፣ የሚገዛው ሰው እስኪያጣ ራሱን ሲሸጥ የኖረ ነው ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነው። ያልተለመደው የጠያቂው መልስ ነበር። ችካል የለው፣ ቁጥር የለው፣ ጥያቄ የለው። «ይህን ልጅ ዳዴ ሲል ጀምሮ አውቀዋለሁ። አልተገዛም፣ አይገዛምም። አንተን ግን እናትህ ምን አጥብታ እንዳሳደገችህ እንጃ!»

መነጽር ሠሪው ማሽኑ ላይ ያለውን ሌንስ ረሳው። የአንዲት ደንበኛ ሌንስ ከልኩ አልፎ ተሞረደና ተበላሸ፤ እሱ ግን ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ቀረ። «ይህን ልጅ» ብሎታል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የዳኞቹ መልእክት መጣ።

«እናት ተነክታለች። ሰባት ቀን» ብላለች ነርሷ።

«ግልጽ ነው» አለ ጠበቃው።

«ለእኔ ሊከላከል ብሎ እኮ ነው» ሲል ጻፈ መነጽር ሠሪው።

«ለዚህ ነው አንተ መወሰን የሌለብህ። ለጠያቂው ሁሌ እንደምታዳላ ያላወቀ የለም» አለችው ነርሷ።

ይህቺ አባባል አጥንቱ ድረስ ገባች። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ገጽ ያተረፈው ነገር ቢኖር አያዳላም መባል ብቻ ነው። ነርሷ ራሷ ልትጫነው የምትችለውን ቁልፍ፣ አለማዳላቱን ለማሳየት ሲል፣ በገዛ እጁ ተጫነው። ምን አለበት ዝም ቢል! ምን አለበት ወንድሜ ነው ብሎ እጁን ቢያወጣ! ኩራት የሚሉት ነገር ግን ሰውን እንዲህ ነው የሚጫወትበት።

የዚያ ሳምንት የማቆያው ተረኛ እሱ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ከፍ አድርጎ፣ ላፕቶፑን ከፈተ። ሳጥኑ የላኪውን ስምና የመልእክቱን ብዛት ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠያቂው፣ ሦስት። ማንበብ ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ጋሼ ተናዶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ያቺን የእሑድ ምሳ አንሥቶ፣ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው ወይ ብሎኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈራ። ለፍርሃቱ ደግሞ ሕግ የሚባል ጥሩ ስም ነበረው። «አጽዳ» የሚለውን ተጫነ።

ረቡዕ አምስት ሆነው ጠበቁት፤ አጸዳቸው። ሐሙስ አንድ ብቻ ነበረች። ያቺ አንዷ እስከ ረፋዱ አስጨነቀችው። አንዲት ባልቴት ገብተው አሥራ አራት ፍሬም ሲለኩ፣ መስታወት ሲይዝላቸው፣ ልቡ እዚያው ሳጥኑ ላይ ነበር። ባልቴቷ ሲወጡ ለራሱ ቃል ገባ፤ ጽሞናው ሲያልቅ ቀድሜ ጋሼ ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ አለ። ከዚያም አጸዳት። ዓርብ ሳጥኑ ባዶ ነበር። «በርዶለታል» አለና ቀለል አለው።

ሰባተኛው ቀን አልፎ ጽሞናው ተከፈተ። መነጽር ሠሪው ያቺን «ጋሼ» ጽፎ አስቀምጧል፤ መላኩን ግን ጠያቂው ብቅ እስኪል ብሎ አቆየው። «ጥያቄዬ አልተመለሰም» የምትለዋን በየደቂቃው ሲጠብቅ ዋለ። ጠያቂው አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በአሥረኛው ቀን የሱቁ በር ተከፍቶ አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ግንባሯን አይቶ ነው ያወቃት፤ የጋሼ ግንባር ነው። የወንድሙ ልጅ ናት፤ ካያት ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«አጎቴ» አለችና በመሐረብ የተጠቀለለ መነጽር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «የአባዬ ነው። ሲወድቅ አንድ እግሩ ተሰበረ።»

«ወደቀ? የት ወደቀ?»

«ስትሮክ ነው። ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል። ኮምፒውተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ላንተ ሲጽፍ።»

«ለኔ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ጻፈልህ እኮ! ደውልለት ብንለው በስልክ አልችልም አለ፤ በጽሑፍ ነው የምችለው አለ። በላከ ቁጥር እማዬን ጠርቶ ‹ይኸው፣ ደርሷል ይላል› እያለ ያሳያታል። ለምንድን ነው ያልመለስክለት?»

የጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ጠየቃት፤ እዚያው ገጹ ላይ ነበር የሚጽፈው አለችው። እሷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ለቴክኒሻኑ ደወለ። «ቅሪት እንዳይተርፍ ያልከኝ ራስህ አይደለህ እንዴ?» አለው ቴክኒሻኑ። መነጽር ሠሪው ስልኩን አስቀምጦ የወንድሙን መነጽር ያዘ። ሃያ ዓመት የሠራበት እጁ ያቺን የትንኝ ዓይን የምታህል ብሎን ሦስት ጊዜ ወለል ላይ ጣላት።

የወንድሙ ሚስት በሩን ከፍታ አቅፋ ሳመችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «እንኳን መጣህ» አለችው። «ምን ብለህ ጠየቅከው ብለው ሊነግረኝ አልፈቀደም። መልሱ ሲመጣ ትሰሚያለሽ አለኝ። እኔስ ምን ብዬ ልጠብቅ?»

«እትዬ፣ የት ነው ያለው?» አላት።

ቀያሹ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ትራስ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጣለች። ሐኪሙ የሰው ንግግር ይሰማል፣ ይገባዋልም ብሏል። ቋንቋው ግን ሄዷል፤ ፊደልም ሄዷል፤ መጽሐፍ ቢያሳዩት ሀን ከለ አይለይም። የቀረችው አንዲት ድምፅ ናት። መነጽር ሠሪው ተንበርክኮ መነጽሩን አደረገለት፤ ጆሮው ላይ በደንብ ማረፉን በጣቱ አየ። «ጋሼ» አለው። በስድስት ዓመት መጀመሪያው ነው።

ወንድሙ በግራ እጁ እጅጌውን ጨምድዶ ያዘው። ፊቱን ትክ ብሎ አየና ድምፁን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ «እህ?» አለው።

ጥያቄ ነበር። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

«እሺ፣ ጋሼ» አለው። «እሺ።»

ቀያሹ ቀስ ብሎ አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ድሮ ፊደል ሲያስቆጥረው፣ ታናሹ አንዱን ሆሄ በሌላው ስም ሲጠራ እንደሚያደርገው ነው የነቀነቀው። የጠየቀው ነገር በእሺ የሚመለስ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽር ሠሪው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየጠዋቱ ይሄዳል። ሸንጎ አሁንም አለ፤ ነበልባል አሁንም ያቃጥላል፤ «ጠያቂው ጥያቄ አለቀበት እንዴ?» እያሉ ይሣሣቃሉ። «መልእክትዎ ደርሷል» የሚለውን ጽሑፍ ከገጹ አስወጥቶታል፤ አንድም ሰው ልብ አላለውም። ጠዋት ጠዋት እጅጌው ይያዛል፣ «እህ?» ይባላል፣ እሱም አንድ መልስ ይሞክራል። ይቅር በለኝ ብሎታል። እናንተን ትቼ የትም አልሄድም ብሎታል። እሑድ እሑድ እዚህ ነው ምሳ የምበላው ብሎታል። ስለዚያ ምርጫ ልክ የነበርከው አንተ ነህ ብሎታል፤ ለዚህኛውማ ቀያሹ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ለሁሉም ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ትናንት የቀረችውን አንዷን መልስ ነገረው። «ጋሼ፣ አላነበብኩትም» አለው። «ዘጠኙንም ሳላነብ አጠፋኋቸው። የጠየቅከኝን አላውቀውም።» ይህን ሲል ፊቱን ወንድሙ ጉልበት ላይ ቀብሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የወንድሙ ግራ እጅ መጥታ ራሱ ላይ አረፈች። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየች። በመንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ፣ እትዬ ጓዳ ውስጥ ሰሃን አጠበች፤ መነጽር ሠሪውም ይቅር ተባልኩ ብሎ ቀና አለ።

ቀያሹ በመነጽሩ ውስጥ ትክ ብሎ አየውና «እህ?» አለው።