ሲራክ አዲሱን እስኪጭን

ሲራክ ከሱቄ ጀርባ ያለውን ክፍል ከተከራየ ወዲህ እኔ ሱራያ ባለሱቅ ብቻ መሆኔ ቀርቷል። ድምፅ ጠባቂም ሆኛለሁ። መዝሙር ሊቀዳ ሲል በጓሮ በኩል ብቅ ብሎ «እትዬ ሱራያ፣ ፍሪጁን አንዴ» ይለኛል፤ እነቅልለታለሁ። ደጃፌ ላይ ባጃጅ ከቆመ ደግሞ «ሞተርህን አጥፋ!» ብዬ የምጮኸው እኔው ነኝ። ዝናብ ከጣለማ አበቃ፤ በዚህ ቆርቆሮ ሥር እንኳን መቅዳት መነጋገርም አይቻል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የእንቁላል ካርቶን እንኳ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው።

ልጁ የዱመርሶ ገጠር ልጅ ነው። ለትምህርት ዲላ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ቀን ቀን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ከዚያ የተረፈው ጊዜ የኪቦርድና የላፕቶፕ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሁሉ የሚቀዱት እሱ ጋ ነው። ሰው አክባሪ ነው፣ ኪራይ ሳልጠይቀው ያመጣል። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ መወሰን አይችልም። ሻይ ነው ለስላሳ የምሰጥህ ብዬ ስጠይቀው እንኳ ቆሞ ያስባል። ወላሂ ያናድደኛል!

አምና ክረምት ላይ የመቅጃ ፕሮግራሙ ያስቸግረው ጀመር። መሃል ላይ ቀጥ ይልና የተዘመረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። መፍትሔው አዲሱን ቨርዥን መጫን ነው አለኝ። «ታዲያ ጫነዋ!» ስለው ፊቱን አጨማደደ። አዲሱ ከተጫነ በአሮጌው የተሠሩት ላይከፈቱ ይችላሉ ሲባል ሰምቷል። እዚያ ውስጥ ደግሞ የራሱ መዝሙሮች አሉ፤ ዓመታት የለፋባቸው፣ ገና ያላለቁ። ዛሬ ልጫን፣ ነገ ልጫን ሲል ወራት ሄዱ።

በዚህ መሃል ፍቅርአዲስ መጣች። ፍቅርአዲስ ቡና እየለቀመች ልጆቿን ያሳደገች፣ መዘምራኑን የምትመራ ሴት ናት። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን እሷ ከኋላው ክፍል ስትዘምር ስኳር እየመዘንኩ እጄ ይቆማል። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ከለከላት፤ ሐዋሳ ሄዳ ኦፕሬሽን ልታደርግ ነው። ሐኪሙ ድምፅሽ ሊነካ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋታል።

«ሲራኬ፣ ሳልሄድ ያቺን መዝሙር ቅዳኝ» አለችው። ራሷ ያወጣቻት የጌዴኦኛ መዝሙር ናት፤ አንድም ቀን ተቀድታ አታውቅም።

ሲራክ በአሮጌው ልቅዳት ቢል መሃል ላይ ሊቆምበት ነው፤ አዲሱን መጫን ደግሞ ፈራ። ይሄኔ ነው ያቺን ቃል የተናገረው። «እህት ፍቅርአዲስ፣ አታስቢ። ታክመሽ ነይ። አዲሱ ቨርዥን ድምፅ ያስተካክላል። ትንሽ ሻክሮ ቢመጣ እንኳ እንደነበረ አድርጎ ያወጣዋል። እስክትመለሺ እጭነዋለሁ።» ሴትዮዋ ፊቷ በራ። የያዛት ፍርሃት ሁሉ ለቀቃትና መርቃው ሄደች።

«በስልክህ እንኳ አትቀዳትም ነበር?» አልኩት እንደወጣች።

«እትዬ ሱራያ፣ የእሷን ድምፅ በስልክ?» አለኝ፤ የሰደብኩት ይመስል።

ኦፕሬሽኑ ደህና ሆነ፤ እንደ ልቧ መተንፈስ ጀመረች። ድምፅዋ ግን ሄደ። ወሬውን የሰማ ዕለት ሲራክ ሱቄ ገብቶ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ። «ፕሮግራሙ እኮ ትንሽ የተዛነፈ ድምፅ ነው የሚያቃናው። የሌለ ድምፅ ከየት ያመጣል? አውቅ ነበር እኮ!» ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አስጠላው። እሁድ ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ እሷ የምትቆምበትን ቦታ ባዶውን ማየት አቃተው፤ አሞኛል እያለ ቀረ። በዚያው ሰሞን አዲሱን ቨርዥን ጫነ። አሁን ምን ሊያደርግልህ ነው ብዬ ልጠይቀው አልኩና አሳዘነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ፍቅርአዲስ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ሱቄ በር ላይ ቆመች። «ጫነው?» አለችኝ። ድምፅ አይባልም፤ ትንፋሽ ነው። ፈገግ ብላ ነው የመጣችው። ያ ረቢ፣ አንጀቴን በላችው።

ፍሪጁን ነቅዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሲራክ ሊያስቀራት ፈልጎ አልሆነለትም፤ ማይኩን አስተካከለላት። ዘመረች። ከንፈሯ ሁሉንም ቃል ያውቀዋል፤ የሚወጣው ሹክሹክታ ነው። ስትጨርስ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «በል እንግዲህ፣ መልሰው» አለችው።

ሲራክ ወንበሩን ትቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«አይመልሰውም» አለ። «ያኔም እንደማይመልሰው አውቅ ነበር። የራሴ መዝሙሮች አሮጌው ላይ ነበሩ። አዲሱን ስጭን እንዳይጠፉብኝ ፈርቼ ነው ጠብቂ ያልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ እህት ፍቅርአዲስ። ይቅር በይኝ።»

ሄድፎኑን ቀስ ብላ አወለቀች። እኔ ብሆን በጥፊ እለው ነበር፤ እሷ ግን ገመዱን ሰብስባ ሄድፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያንተ መዝሙሮችስ?» አለች በዚያ ትንፋሿ። «ተረፉ?»

«ተርፈዋል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እሰይ» አለችው።

ልታሽሟጥጠው መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ከልቧ ነበር። ሲራክ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰው ይሄኔ ነው።