አንዴ ጠርቶ የተዘጋ ስልክ

ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ደጀን

ደጀን ያደረ ሰው ማንቂያ ደወል አያስፈልገውም። ከዓባይ በረሃ እያቃሰቱ የወጡት ከባድ መኪኖች ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባቸውን ይነፉለታል። ተነስቼ ስወጣ ተሳቢዎቹ መንገዱ ዳር ተሰልፈው ሞተራቸውን ያቀዘቅዛሉ፣ ሾፌሮቹ ፎጣ ተከናንበው ትኩስ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ። የጥር ብርድ ነው። ጣቶቼ ስልክ መንካት እስኪያቅታቸው ደነዘዙ፣ የኔ እንጀራ ደግሞ ስልክ መንካት ነው።

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። በየከተማው እቆምና ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው እደውላለሁ፤ ተነሳ ወይ፣ ድምፁ ጠራ ወይ፣ ተቋረጠ ወይ እያልኩ ቅጽ እሞላለሁ። እናቴ እስካሁን «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው ለዚህ ነው?» ትለኛለች።

መኪናው ውስጥ አራት ስልኮች ተደርድረዋል። ሁለቱ የአንደኛው ኩባንያ መስመር ናቸው፣ «ሀ» ብለናቸዋል። ሁለቱ የሌላኛው፣ «ለ» ናቸው። ድሮ ድምፅ ለብቻው በተሠራለት መንገድ ነበር የሚሄደው፤ አሁን እንደ ኢንተርኔቱ በፎር ጂ ይሄዳል። ሁለቱ ኩባንያዎች ታዲያ ጥሪ መቀባበል አለባቸው። ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ቦታዎች ላይ ደግሞ «ለ» የራሱ ታወር ስለሌለው ደንበኞቹ በ«ሀ» ታወር ይጠቀማሉ። በኛ ቤት ሮሚንግ ይባላል፣ እኔ እንግድነት እለዋለሁ። እንግድነቱ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይጎርፋል። ደዋዩ «ጠራ፣ አላነሱም» ይላል፤ ተደዋዩ «ማንም አልደወለልኝም» ብሎ ይምላል። እኔና ሾፌሬ ይልቃል ውሸታሙን ልንፈልግ ነው የወጣነው።

ይልቃል የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የማያውቀው ሰው የለም፣ ቢያንስ እሱ እንደሚለው።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ አምበር

የትኖራንና ሉማሜን አልፈን አምበር ደረስን። ግራና ቀኙ የጤፍ ጭድ ክምር ነው፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ነፋሱ እብቁን እያነሳ መስታወታችን ላይ ይለጥፈዋል። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመን የመኪናውን አንቴና ስናቆም ሰው ከበበን። ከመሐል አንድ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ቀረቡ። አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ፣ ገበሬ ናቸው።

«ኔትወርክ ናችሁ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ እንደዚያ ነገር ነን።»

«እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሰው ስንደውልለት ስልኩ ማን እንደደወለ ያሳየዋል?»

«ያሳየዋል።»

«በቃ! አይቶ ነው የቀረው!» ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አይቶ፣ አውቆ፣ ንቆኝ ነው የቀረው!»

ሻይ ተገዛላቸው። ተቀምጠው ሲረጋጉ ነገሩን አወጡት። ልጃቸው የዝና የከብት ጤና ባለሙያ ናት። ደብረ ማርቆስ አብሯት የተማረ፣ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር፣ ምንይችል የሚባል፣ ሽማግሌ ልኮ አስጠየቃት። የሴት ወገን ደግሞ በአንድ ቀን እሺ አይልም፤ ይሽኮረመማል፣ ያመላልሳል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ተመለሱ። በሁለተኛው የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ የሮብ ገበያው መርጌታ ልሣነወርቅ፣ አንድ ዘዴ አመጡ። የሴት አባት «ኑ፣ ልጄን ውሰዱ» ብሎ በአፉ መጥራት ነውር ነው። እንግዲያው ቤተ ዘመድ መክሮ ከተስማማ አያ ቢያድግልኝ ለመርጌታ አንድ ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ቃል አይተነፍሱም። ስልኩም አይነሳም። ሚስኮሉ ከደረሰ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። እስከ ዓርብ ካልደረሰ ነገሩ ቀረ ማለት ነው።

«ሐሙስ ደወልኩ። አንዴ ጢር ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፣ ዘጋሁት። እሑድ በግ ታረደ። ጠላው ተጠመቀ። ዘመድ ከየትኖራ ሳይቀር ተሰበሰበ። እስከ ማታ በር በር ስናይ ዋልን።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሰው መሳቂያ አደረገኝ።»

«አሁንስ ምን አሰቡ?» አልኳቸው።

«ሌላ ጠያቂ አለ። ነገ መልስ እሰጣለሁ።»

«የዝናስ?»

«ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል» አሉና ፊታቸውን ወደ አውድማው መለሱ።

የአያ ቢያድግልኝን ስልክ አየሁት፣ «ሀ» ነው። የመርጌታውስ? ቁጥሩ «ለ» ነው። ሮብ ገበያ ላይ ደግሞ፣ እንደ እዚህ እንደ አምበር፣ «ለ» እንግዳ ነው።

«አባቴ፣ ለዚህኛው ስልኬ ይደውሉና አንዴ ሲጠራ ይዝጉት» ብዬ አንዱን «ለ» መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ደወሉ። የራሳቸውን ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ «ጠራ!» ብለው ዘጉት። መዳፋቸው ላይ ያለው ስልክ ግን ዝም ብሏል። ስክሪኑ እንኳ አልበራም። ደግመን ሞከርን፣ ያው ነው።

«እንዴ? በጆሮዬ እኮ ሰማሁት!»

«የሰሙት የወዲህኛውን ማሽን ነው» አልኳቸው። «ጥሪውን ለሌላው ኩባንያ እንዳቀበለ ጢር እያለ ያሰማዎታል። ማዶ ያለው ስልክ ግን ገና እየተፈለገ ነው። ቶሎ ሲዘጉት ሳይደርስ ይቀራል፣ ምልክትም አይተውም።»

አያ ቢያድግልኝ ሁለቱን ስልኮች እያፈራረቁ አገላበጧቸው። በመጨረሻ፣ «ስለዚህ ሰውዬው አልናቀኝም?» አሉ።

«አልሰማም፣ አባቴ።»

«እንዲያም ቢሆን» አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «እኔ አንዴ ደውያለሁ። ሁለተኛ ብደውል ልጄን ይዤ ደጅ ጠናሁ ማለት ነው። አልደውልም!»

ይልቃል በጎን አየኝ። እኔም እሱን። አውድማው ላይ ያለው ነፋስ እንኳ ከእኚህ ሰው ይሻላል፣ አንዳንዴ አቅጣጫ ይቀይራል።

ቀን 6 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ማርቆስ ባጃጁ በዝቷል፣ ፀሐዩ ደግሞ ደስ ይላል። ጾም ስለሆነ ተጋቢኖ አዘዝን። ሸክላው ላይ እየተንተከተከ መጣ፣ ቃሪያው አስለቀሰኝ፣ ይልቃል ሳቀብኝ።

«ዝም ብለሽ ቅጽሽን ሙዪ» አለ። «የሰው ጋብቻ ውስጥ ምን አገባሽ? መጨረሻ ላይ ጥፋቱን ባንቺ ያላክኩታል።»

«ጥፋቱ የኛ ነው እኮ።»

«የማሽን ነው።»

«ማሽኑ ጢር እንዲል ያደረገው ማነው? እንደኔ ያለ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ደንበኛው ዝምታ ሲሰማ እንዳይሰለች ብሎ ያስገባው ነው።» እውነቴን ነው፣ አፍሬ ነበር። በቅጼ ላይ አንዲት ጥሪ ስትጠፋ አንዲት ጭረት ናት። በግ የሚታረድባት፣ ልጅ የምትጾምባት ነገር መሆኗን አስቤ አላውቅም።

ይልቃል የመጨረሻዋን ጉርሻ ለራሱ አደረገና «ተነሺ፣ ሮብ ገበያ በዛሬ ቀን መኪና ማቆሚያ አይገኝም» አለ።

ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል፣ ሮብ ገበያ

መንገዱ ሽቅብ ነው። ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ ብርዱ እየጠነከረ፣ ጮቄ ከፊት እየገዘፈ ይመጣል። ገበያው ደርቷል። ድንች በጆንያ፣ ገብስ በስልቻ፣ በጎች፣ በርኖስ የለበሱ ሰዎች። አንድ ሳህን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሠላሳ ብር ገዝተን ቆመን በላን። በዚህ ብርድ ከዚህ የሚበልጥ ምግብ ያለ አይመስለኝም። የ«ለ» ስልኮቼን አየሁ፤ በእንግድነት «ሀ» ታወር ላይ አርፈዋል። ስደውልላቸው በጆሮዬ ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ስልኩ የሚንቀሳቀሰው በሦስተኛው ነው። በቅጼ ላይ ጻፍኩት። ውሸታሙ ተያዘ።

ይልቃል የመርጌታን ቤት ለማግኘት ሦስት ሰው ብቻ ነው የጠየቀው። ያውቃቸዋል ማለት አይደለም እንግዲህ። መርጌታ ልሣነወርቅ ጥምጥማቸው የጸዳ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ የለም። አጠገባቸው የምንይችል እናት ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ከአምበር ነው የመጣሁት» ስል መርጌታ ቀና አሉ።

«እኮ! ምን ይላሉ? እንቢ ያለ ቤት ደግሞ ምን መልእክተኛ ይልካል?»

«እንቢ አላሉም መርጌታ። ሐሙስ ደውለዋል።»

«ልጄ፣ እኔ ሐሙስና ዓርብ ይሄን ስልክ ከጉልበቴ አላወረድኩትም። ቅዳሴ ስገባ እንኳ ደጅ ላይ ሰው አስይዤው ነው የገባሁ። እንኳን ጥሪ ዝንብ አላረፈበትም።»

ቁጥራቸውን ተቀብዬ በአንዱ «ሀ» ደወልኩላቸው፣ ስልኬን ጆሯቸው ላይ አድርጌ። «ጠራ» አሉ። እጃቸው ላይ ያለውን የራሳቸውን ስልክ አዩት፣ ዝም። «ደገመ» አሉ። ዝም። ዘጋሁት። ስልካቸው ላይ ምንም የለም።

ወይዘሮ እናኑ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «በግ አርደው ጠብቀው ነበር» ስላቸው ደግሞ ተነስተው ቆሙ። «ውይ ውይ ውይ! በሞቴ መርጌታ፣ አሁኑኑ ይደውሉላቸው!»

«አይሆንም» አሉ መርጌታ፣ ግንባራቸውን እያሹ። «የኛ ወገን ከደወለ የሴቷን ቤት ማጣደፍ ነው፣ ድፍረት ነው። የተማማልነው በሳቸው ሚስኮል ነው። እሳቸው ካልደወሉ እግሬን አላነሳም።»

«እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ አልደውልም ብለዋል።»

ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ነገ ለሌላው ጠያቂ መልስ እንደሚሰጥ ስናገር ወይዘሮ እናኑ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ያን ጊዜ ቅጼን አየሁት። «ከአምበር ወደ ሮብ ገበያ» የሚለው መስመር ባዶ ነው። ቁጥራቸውን ከመርጌታ ስልክ ላይ ወስጄ ወጣሁና ለአያ ቢያድግልኝ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ያቺ የጠዋቷ ልጅ ነኝ። ለሥራዬ አንድ ጥሪ ጎደለኝ። ከአምበር የሆነ ሰው ሮብ ገበያ ላለ የሌላኛው ኩባንያ ስልክ መደወል አለበት። እርስዎ ቢተባበሩኝ?»

በስልኩ ነፋሱ ይሰማል፣ በሬ የሚነዳ ሰው ይሰማል።

«ለሥራሽ ነው?»

«ለሥራዬ ነው።»

«የመንግሥት ቅጽ ነው?»

«ቅጽ ነው አባቴ፣ ማኅተም አለው።»

«እንግዲህ ለሥራ ከሆነ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የሰው ሥራ አላደናቅፍም። ቁጥሩን መንገር አያስፈልግሽም፣ እዚህ አለ።»

«ስምንት ጊዜ እስኪጠራ አይዝጉት!» ብያቸው ገባሁ።

ከሰዓት 9 ሰዓት ከ40፣ እዚያው

ስልኩ ሰፌድ ላይ ተቀምጧል። መርጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል። ይልቃል በሩ ላይ ቆሟል፣ አፉን ዘግቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጠራ።

ስክሪኑ ላይ የአያ ቢያድግልኝ ስም በራ። ሁለት። ሦስት። መርጌታ «ማንሳት የለም» አሉ በሹክሹክታ። «ስምምነታችን ሚስኮል ነው።» አራት። እዚያ ማዶ ሰውዬው ጆሯቸውን አያምኑም፣ ስለዚህ አይዘጉም፤ እዚህ ያሉት ደግሞ አያነሱም። አምስት። ስድስት። ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ሰፌዱ ላይ ዞረ። ሰባት። ስምንት። አልዘጉትም! ዘጠኝ።

ወይዘሮ እናኑ አልቻሉም። በአውራ ጣታቸው አረንጓዴዋን ተጫኑ። መርጌታ «አንቺ ሴት!» ብለው ሳይጨርሱ ወይዘሮዋ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው እልልታቸውን ለቀቁት።

እልልልልልልል!

ጸጥ አለ። ከአምበር ምንም የለም። ተቋረጠ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ የሌላ ቤት ሴቶች እልልታ መጣ፤ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የማይቆጠር። ከዚያ ሁሉ መሐል የአያ ቢያድግልኝ ድምፅ ይጮኻል፦

«ለሥራ ነው የደወልኩት! እኔ ለሥራ ነው የደወልኩት!»

መርጌታ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ።

ማታ 12 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ሆቴል አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ቅጹን እየጨረስኩ ነው። «ማዶ ያለው ስልክ ሳይጠራ በደዋዩ ጆሮ የጥሪ ድምፅ አይሰማ» ብዬ ከሥሩ አስምሬ ጻፍኩ። ለአለቃዬም ደውዬ ነገርኩት፤ እንዲስተካከል ዛሬውኑ ለሁለቱም ኩባንያዎች እንደሚልክ ቃል ገባልኝ።

በዚህ ሥራ ስንት ሺህ ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። ሁልጊዜ ስደውል ማዶ ያለው ስልክ በራሴው እጅ ነው። ደዋይም ተደዋይም እኔ ነኝ፣ የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዛሬ እነዚያ ሴቶች እልል ሲሉ አለቀስኩ። ይልቃል አይቶኛል፣ ቃሪያው ነው ብዬዋለሁ።

«የጥሪው ዓላማ» የሚል ሳጥን አለ። ለአያ ቢያድግልኝ ለሥራዬ ነው ስላልኳቸው «ለሥራ» ብዬ ሞላሁት። «የድምፅ ጥራት» ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ»።

መርጌታ ሽማግሌዎቹን እሑድ አምበር የሚያደርስ መኪና አጥተው ይልቃልን ለምነውታል። እሑድ የዕረፍት ቀናችን ነው። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ግቢው ሳይ፣ ገና በረቡዕ ማታ፣ ያ «ምን አገባሽ» ያለኝ ሰውዬ ሱሪውን ጠቅልሎ መኪናውን ያጥባል።