ቢርክን ዝምታ ያስተማርኩበት ጾም

የተቀቀለ ጉበት በሸተተኝ ቁጥር ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ይጨበጣል፤ መዳፌ ውስጥ አንድ ሞቃት፣ እርጥብ አፍ ለመከፈት የሚታገል ይመስለኛል።

ቢርክ ቤታችን የመጣው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እኔ አሥር ዓመት ሲሆነኝ ነበር። እናቴ በጎረቤት ከተማ በአላሜዳ ተቀጥራ ሚስተር ኒልስ የሚባሉ ስዊድናዊ ሽማግሌ ታስታምም ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ ውሻቸውን የሚወስድ ዘመድ ስለጠፋ፣ ይዛው ኦክላንድ ወዳለው የኪራይ ቤታችን መጣች። ጀርባው ጥቁር፣ ራሱና እግሮቹ ዳማ፣ ደረቱ፣ መዳፎቹና የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነበሩ። ዘሩ ሃሚልተንስቶቫሬ ይባላል፤ በአገሩ ጥንቸልና ቀበሮ በአፍንጫው እየተከተለ የሚያድን ውሻ ነው። አባቴ «ቢርክ» የሚለው ስም አልዋጥ ብሎት «ብርቁ» እያለ ይጠራው ነበር።

ሽማግሌው ስለ አያያዙ የነገሯትን እናቴ በፖስታ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጽፋው ነበር፤ እኔም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ በየቀኑ አነበው ነበር። «ጆሮው የተንጠለጠለ ስለሆነ አየር አያገኝም፤ በሳምንት አንዴ ይጠረግ። ቶሎ ይወፍራል፤ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ፣ ቢለምንም አይጨመር። ሽታ ካገኘ ስሙን አይሰማም፤ በዋዛ አይፈታ። ከጠፋ አትጥሩት። ቁሙና ስሙ፤ ያለበትን እሱ ይነግራችኋል።»

ታኅሣሥ ላይ የዚያ አገር ዝናብ ጀመረ። መሬት ሲረጥብ ሽታ ይበረታልና፣ በጓሯችን አጥር ሥር ራኩን የሚባለው ድመት መሳይ የዱር እንስሳ ባለፈ ቁጥር ቢርክ አንገቱን አቅንቶ፣ ከደረቱ ሥር በሚወጣ ረዥም ድምፅ ይጮህ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት መጽሐፍ እንደተረዳሁት፣ ይህ ዘር ብቻውን ሩቅ ሄዶ ስለሚያድን፣ ባለቤቱ የሚከተለው ድምፁን ነው። እናቴ ግን የምትሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቶ ነበር።

«ውሻ ሲያላዝን ሰው ሊሞት ነው» አለች አንድ ጠዋት፣ ገና ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ኖ፣ ማሚ፣ ሽታ አግኝቶ ነው» አልኳት።

«ሞት ሸቶት ነዋ!»

አባቴ ከጋዜጣው ቀና አለ። «ኦክላንድን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ውሻ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሊጠራ? በሎንግ ዲስታንስ ስልክ መሆኑ ነው?»

«አንተ ቀልድ። ሁዳዴ ወጥቶ አሁንም የሚያላዝን ከሆነ፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚታጎርበት ሼልተር ነው የምወስደው።»

ስትምል ቀልድ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ጾሙ ሲገባ ጉበት እንድትገዛልኝ ለመንኳት። በሁዳዴ ሥጋ በእጇ የማትነካው እናቴ አንድ አሮጌ ድስት ለይታ ሰጠችኝ፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ሽታው እስኪወጣም በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ጉበቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ልክ እየቆረጥኩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢርክን ወደ አጥሩ እወስደው ነበር። አሽትቶ አንገቱን ሊያቀና ሲል አፉን በእጄ ጨምቄ እይዛለሁ፤ ዝም ካለ አንድ ቁራጭ አጎርሰዋለሁ። ዝም ያለባቸውን ቀኖች በደብተር እመዘግብ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይወጣውም ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው፣ እኔም ኮራሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሦስት መኪና ደጃችን ቆመ። የወረዱት ከፍሪሞንትና ከሳን ሆዜ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። መርዶ በስልክ አይነገርምና እናቴ ነጠላቸውን እንዳየች የወንድሟ ሞት ገባት። እሷ ስትጮህ ቢርክ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣም።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ጓሮ ወጥታ ቢርክን ለረዥም ጊዜ አየችው። «እሱ ዝም ቢልም ሞቱ አልቀረልኝ» አለች። «ከእንግዲህ ይጩህ፣ ተወው።»

ተውኩት። እሱ ግን ራኩን ባለፈ ቁጥር አሽትቶ ወደ እጄ ይመለከት ነበር።

በበጋው፣ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሲሆን፣ አባቴ እናቴን ትንሽ አየር ላስወስዳት ብሎ ሁላችንንም ከሳን ሆዜ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወሰደን። የደረቀው ሣር ፍሬ እንደ መርፌ እየሾለ በውሻ ጆሮና በጣቶቹ መሐል ስለሚገባ፣ ቢርክን በየመቶ እርምጃው እያስቆምኩ እመረምረው ነበር።

«እስቲ ፍታው፣ ይሩጥበት» አለ አባቴ። «ውሻ ቤቱን አይስትም።»

ፖስታው ላይ የተጻፈውን በቃሌ አውቀው ነበር። ግን እንደ ልቡ ሲሮጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበርና ፈታሁት። አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ሄደ፤ የጅራቱ ነጭ ጫፍ ከሣሩ በላይ እየታየ ኮረብታውን ዞሮ ጠፋ። አባቴ ሊያፏጭ ጣቱን አፉ ውስጥ ሲከት ክንዱን ያዝኩት።

«አትጥራው። ቆመን እንስማ።»

ቆምን። ከታች የፍሪዌዩ መኪኖች እምምታ፣ ከላይ ነፋሱ ሣሩን ሲያንኮሻኩሸው ይሰማል፣ ሌላ የለም። እናቴ የሐዘን ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ኮረብታው አዘንብላ፣ «ጩህ እንጂ፣ አንተ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። ጀምበር እስክትጠልቅ እንደዚያው ቆምን። በተከታታይ ሦስት እሑድ ተመለስን፣ የፍሪሞንትንና የኒውአርክን ሼልተሮች ጠየቅን፤ አላገኘነውም። ምንጊዜም የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ምናልባት እዚያው ቅርብ የሆነ ቦታ ቁጥቋጦ ይዞት፣ ጉሮሮው እየተንቀጠቀጠ፣ እጄን ይጠብቅ ነበር።

አሁን የምኖረው ሳን ሆዜ፣ ያ ኮረብታ በመስኮት በሚታይበት አፓርትመንት ነው። ከታች ያለው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ውሻ አለው። ባለፈው ወር ተከራዮቹ ውሻው ከግቢው እንዲወጣ ለአከራያችን፣ ለላንድሎርዱ፣ የጻፉትን የአቤቱታ ደብዳቤ ይዘው በሬን አንኳኩ፤ የሁሉም ፊርማ ነበረበት። ያኔ ቢሆን ከሁሉ ቀድሜ የምፈርም ልጅ ነበርኩ። ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩላቸውና በሩን ዘጋሁ፤ ውሻው ሲጮህ መስኮቱን ከፍቼ፣ ያለበትን ሰማሁ።