የቀለሜ ቁልቁለት

ተፈቀደ! እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ተፈቀደ! ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት መጥቷል፤ ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው ሰማያዊ፣ እንከን የለውም። ሦስት ሰው አንብቦታል፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ። አሁን «የማን ደብዳቤ?» ትሉኛላችሁ። ቀስ በሉ። ደስታ ሲያጣድፍ ወሬ ከጅራቱ ይጀመራል፤ ከራሱ ልያዘው።

ባለቤቱ ቀለሜ ነው። ቀለሜ የተባለው ደብተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ከስድስተኛ ክፍል ሲያቋርጥ እሱም አስተማሪዎቹም እፎይ ብለዋል። ስሙን ያወጣለት ቢጫ ቀለም ነው። ከላይኛው ድልድይ ተነሥቶ፣ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ፣ ታች ወንዙ ዳር ጀልባ መሳፈሪያው ድረስ የሚወርድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አለ። ሸለቆውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አዝሎ የሚጓዘው በዚያ ነው። ሰው እንዳይጠፋም በየድንጋዩና በየዛፉ ግንድ ላይ መዳፍ የምታክል ቢጫ ምልክት ትቀባለች። ቀቢው እሱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ዝናብ ያጠበውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ ደግሞ ይቀባል፣ የወደቀ ግንድ ያነሣል፣ መንገድ የዋጠ ቁጥቋጦ ያጭዳል።

«ታድለህ! ቀኑን ሙሉ ፏፏቴ እያየህ» ይሉታል። ቀለሜ ፏፏቴውን ካየው ስንት ዓመቱ! ዓይኑ ከድንጋይ ላይ አይነሣም። የአውራ ጣቱ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ትከሻው የቀለሙ ቆርቆሮ ባለበት በኩል ዝቅ ብሏል።

አመሻሽ ላይ ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ያለው ቤቱ ሲደርስ፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ በሳፋ ሙቅ ውኃ ታቀርብለታለች። እግሩን ነክሮ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ዛሬስ?»

«አለሁ።»

«መኖርህንማ አየሁ፤ ጉልበትህን ነው የጠየቅሁት።»

«እሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ነገ ሳልፍ አነሣዋለሁ።»

ቀኝ ጉልበቱ የከዳው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ዳገቱን እንደምንም ይችለዋል፤ ላብ ነው፣ ድካም ነው፣ ያልፋል። ቁልቁለት ሲሆን ግን አጥንቱ መሐል ሚስማር የሚመቱበት ይመስለዋል። የቤቱን ሦስት ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዞ፣ እንደ ሕፃን፣ ወደ ኋላ ነው የሚወርዳት። ሁለት ጊዜ «ተቀምጬ የምሠራበት ቦታ ይሰጠኝ» ብሎ አመለከተ። ሁለቱንም ጊዜ የመጣው መልስ አንድ ነበር፦ መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ እርስዎ ካቆሙ መንገዱ ይዘጋል።

ጭንቅ አይደለም ትላላችሁ? መንገዱ ከተዘጋ የሃያ ሁለት ዓመት ልፋቱን ቁጥቋጦ በሁለት ዓመት ይውጠዋል። ካልተዘጋ ደግሞ ጉልበቱ ያልቃል። አወጣ አወረደና አንድ መላ መታ። ጠዋት ጠዋት ለመሳፈሪያው ዕቃ የሚያደርሰውን ሾፌር ለምኖ፣ በመኪናው መንገድ ዞሮ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ሽቅብ ብቻ እየሄደ ይቀባል። ለቢሮው ትንፍሽ አላለም። ለሚስቱ ሲነግራት «አይ አንተ ሰውዬ፣ ለካ ጭንቅላትም አለህ!» አለችው። እሱም አምኖ ነበር።

በዚህ ዓመት ሰው መጥፋት ጀመረ። በመጀመሪያ አንድ አስተማሪ ግማሽ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ቀጥሎ ሁለት አዛውንት፣ ባልና ሚስት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ተገኙ፤ ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ ፈርተው። የቢሮው ኃላፊ ቀለሜን አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ምልክቱ አይታይም እያሉ ነው።»

«አይታይም? አምና የቀባሁት ዛሬም ዓይን ይወጋል!»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ዋሸኝ?»

«የዛሬ ሰው ስልኩን እያየ ነው የሚሄደው፣ አለቃ። ዝሆን ብቀባለትም አያይ።»

ሳቀች፤ ግን እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። «ሐሙስ እኔ ራሴ ከላይ እስከ ታች እሄደዋለሁ። እርስዎ ከኋላዬ ይከተሉኛል፣ ቃል ሳይተነፍሱ። አንድ ጊዜ ከጠፋሁ ይዘጋል።»

ሐሙስ ጉልበቱን በፋሻ ጠፍሮ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ መንገዱን ቁልቁል ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር። ኃላፊዋ አዲስ ጫማ አድርጋ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ፣ በየእርምጃው ትንፋሹን እየዋጠ ይከተላል። ወንዙ ከታች ይጮኻል፤ ለእሱ የሚሰማው የጉልበቱ ድምፅ ብቻ ነው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ትልቁ ቋጥኝ ጋ ሲደርሱ ቆም አለች፣ ግራ ቀኙን አየች፣ ወደ ግራ ታጠፈች።

«ወዴት ነው አለቃ?»

«ቃል እንዳይተነፍሱ አላልኩም?»

«ገደል ነው እኮ!»

«ምልክቱ የታል ታዲያ?»

«ይኸውና፣ ቋጥኙ ላይ...»

ቋጥኙ ላይ ምንም የለም። ከስንት ዓመት በፊት የተቀባ፣ ዝናብ የበላው የቀለም ጠባሳ ብቻ። ቀለሜ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። ዙሪያውን እየተንፏቀቀ ከቋጥኙ በታች ቢዞር፣ ምልክቱ ቁጭ ብሏል፤ እንደ እንቁላል አስኳል የደመቀ፣ ፊቱን ወደ ታች ያዞረ፣ ለሚወጣ ሰው ብቻ የሚታይ። ድሮ ሲወርድም ሲወጣም ስለሚቀባ፣ ድንጋዩ በሁለቱም ፊቱ ይቀባ ነበር። እነዚህን ሦስት ዓመታት ግን ሽቅብ ብቻ እየሄደ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ቀባ። ዞሮ ያየው የለም። የደከመ ሰው ዞሮ አያይም።

ኃላፊዋም መጥታ ሁለቱንም ፊት አየች። «በላይኛው በኩል ዝናቡ ይበረታል መሰለኝ፤ ቀለም አይቆይበትም» አለች። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ መዝጋት ነው።»

ያንን ጊዜ ቀለሜ «አዎ» ቢል በቃ ነበር። መንገዱ በዝናብ ተሳቦ ይዘጋል፤ እሱ በክብር ያርፋል፤ ማንም ምንም አያውቅ። አፉም ተከፍቶ ነበር። ሁለቱ አዛውንት ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ታዩት መሰለኝ፣ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ።

«ዝናብ አይደለም፣ አለቃ። እኔ ነኝ።» የሾፌሩን መኪናም፣ ጉልበቱንም፣ ሽቅብ ብቻ መሄዱንም አንድ በአንድ ነገራት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሰው ገደል ቢገባስ ኖሮ?»

መሬት መሬቱን አየ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ተረከዟ ተልጦ ነበር።

«ታዲያ ሲያመለክቱ 'ጉልበቴን አሞኛል' ብለው ለምን አልጻፉም?»

«'ተቀምጬ የምሠራበት' ብያለሁ እኮ።»

«ኧረ ጋሼ! ተቀምጦ መሥራት የማይፈልግ ማን አለ? እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ ነው 'መንገዱ ይዘጋል' ብዬ ያስፈራራሁዎት!»

ቀለሜ ይሳቅ ይናደድ ግራ ገባው። ለመሳቅም ለመናደድም አቅም አልነበረውም። «ሕመም እንዴት በማመልከቻ ይጻፋል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ታች መውረድ ለሁለቱም የማይሞከር ሆነ፤ ወደ ላይ ተመለሱ፣ እሷ እያነከሰች፣ እሱ ክንዷን ይዞ።

ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ከቢሮው ወሬ ጠፋ። ሚስቱ በመርፌዋ ክር እያስገባች «ተባረርክ ወይስ አልተባረርክም?» ትለዋለች። «እንጃ። እኔም ለራሴ አልተነገረኝም» ይላታል።

ይኸው ዛሬ ተነገረው! መንገዱ አይዘጋም። ምልክቱ በሁለቱም ፊት እስኪቀባ ድረስ ሰው የሚሄደው ሽቅብ ብቻ ነው። ቀለሜ ታች ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ባለችው የበር ክፍል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛ ይመዘግባል፣ አቅጣጫ ያስረዳል። በእሱ ቦታ ከመንገድ ሥራ ሁለት ጎልማሶች ይመደባሉ። ነገሩን በመደበቁም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ አይበዛበትም። መጨረሻው መስመር ላይ፦ ከመቀመጡ በፊት አዲሶቹን ቀቢዎች ከላይ እስከ ታች ወስዶ መንገዱን ያሳያል።

ሚስቱ ስታነብለት ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። እሱ ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ልወርደው ነው በይኛ» አለ። ቀና ብለን ስናየው ከነቦት ጫማው እንቅልፍ ወስዶታል። እንዲያ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፤ አፉን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ! ታላቅ እህቱ ማዶ ናት፤ ስልኳ ላይ ብደውል ብደውል አታነሣም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተባረረ ብላ ስትብሰለሰል ነበር። ወይኔ፣ ያ ሾፌር እንዳይቀድመኝ! ጫማዬ የታል? በሉ ደኅና ሁኑ፣ ሄድኩ።