የጨው ቤት ቢጫ ብርሃን

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ታናሽ ወንድሜ መካነ ሰላም ለማስተማር ሲመጣ ያረፈው እኛ ቤት ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወርዶ እንዲያስተምር ይደረግ ነበር፤ የእሱ ዕጣ ደግሞ ወደ እህቱ ጣለው። ደስ አለኝ። ይዞት የመጣው ሳጥን ግን ከእኛ ቤት ጋር የሚስማማ አልሆነም።

ሳጥኑን ከጣውላ የሠራው ራሱ ነው። በአንዱ ጫፍ ሁለት ምላጭ አቀራርቦ ገጥሞ፣ በመሃላቸው ብርሃን የሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ ትቷል። ውስጡ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ያዋሱት ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት አለ። በሌላው ጫፍ ዓይኑን ለደቀነ ሰው መስታወቱ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ይበትነዋል። እሱ የሚፈልገው ግን ቀስተ ደመና አልነበረም። የላምባ ምድጃ በደንብ ተነፍቶ ሲነድ ከነበልባሉ ሥር የምናየው ሰማያዊ አለ አይደል? እሱን ነበር የፈለገው።

እንደገባኝ ልናገር። ላምባው ሲነድ፣ አየር ሆነው የሚንሳፈፉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተያያዙ፣ ዓይን የማያያቸው የከሰል ቅንጣቶች አሉ አለኝ። ተያይዘው ይርገበገባሉ። ብርሃናቸው በሳጥኑ ሲታይ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደ ሚዶ ጥርስ ተለያይቶ ነው የሚመጣው፤ የጥርሶቹን ክፍተት የለካ ሰው ጥንዶቹ ምን ያህል ጠብቀው እንደተያያዙ ያውቃል።

«ሳትነካቸው?» አልኩት።

«ማን ይነካቸዋል፤ ብርሃናቸው ራሱ ያሳብቅባቸዋል» አለኝ።

መምህሩ ቃል ገብተውለታል። ያንን ሚዶ በዓይኑ አይቶ በትክክል ስሎ ከወሰደላቸው እዚያው እሳቸው ዘንድ በዚሁ ሥራ ሊያስቀሩት፤ ካልሆነለት ግን እንደ ጓደኞቹ በየአውራጃው ተመድቦ አስተማሪ ሆኖ መቅረቱ ነው። ማስተማር ደግሞ አይሆንለትም፤ ተማሪ ሲንጫጫ ድምፁ ይጠፋል። መስታወቱም ክረምት ሳይገባ መመለስ አለበት፣ ዝናብ ከጣለ ወደ ደሴ መኪና የለማ።

ባሌ የጨው ነጋዴ ነው። አሞሌው በበቅሎ ይመጣል፣ እኛ ቤት ይሰበራል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ እኔ ደግሞ ይዤው ከላላ ገበያ፣ ደጎሎ ገበያ እዞራለሁ። እግሬ ያኔም አርፎ አያውቅ፤ ዛሬም ልጆቼ «እማ ደግሞ የት ሄደች» እንደተባባሉ ነው። ታዲያ ጨው እሳት ሲነካው ቢጫ ያወጣል። ወንድሜ ዓይኑን በደቀነ ቁጥር አንድ ደማቅ ቢጫ መስመር ፊቱ ግትር ይላል፣ ደካማውን ሚዶ ይውጠዋል። ምሰሶው ጨው፣ መደቡ ጨው፣ ቀሚሴ ጨው። «እናንተ ስታስነጥሱ እንኳ ቢጫ ሳይወጣችሁ አይቀርም» አለኝ አንድ ቀን።

ከጓሮ ያለችውን የገብስ ማስቀመጫ ጎጆ ባዶ አደረግንለት። ጠርጌ፣ በአዲስ ጭቃ ለቅልቄ፣ በቀንም እንድትጨልምለት ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። ልብሱን አጠብኩ። ቢጫው ሳሳ። ሲሳካ መጀመሪያ የማሳየው ለአንቺ ነው ብሎ ማለልኝ፤ እኔም እንደ ሕፃን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ከዚያ የባሌ አክስት መጡ። ዱበርቲ ናቸው፤ ለዱአ አገሩ ሁሉ የሚፈልጋቸው አሮጊት። ልጁ ሥራ እንደጠናበት ሰምተው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና እሱንም፣ ሳጥኑንም፣ ምድጃውንም መረቁ። አላህ ያሳይህ፣ አላህ ያሳካልህ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። እኛ ዘንድ እንትፍ ያልተባለበት ምርቃት ጎደሎ ነው። ምራቅ ደግሞ ጨው አለው። ምድጃው ሲለኮስ ቢጫው ተመለሰ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «አሚን» ይላል፣ እሳቸው ሲወጡ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር ያማታል። ምድጃውን እናጥባለን፣ እናደርቃለን፤ እሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። ንገሪልኝ ቢለኝ ሄጄ፣ አፌ እየተያዘ፣ ምርቃትዎን ከደጅ ቢያደርጉለት ምን ይመስልዎታል፣ ምራቁ ጨው ስላለው ነው አልኳቸው።

«ጨው የሌለውን ዱአ ማን ይቀምሰዋል ልጄ?» አሉኝና፣ በማግስቱ ሌሎች ዱበርቲዎች አስከትለው መጡ። ችግሩ የጠናበት መስሏቸው ነው። ወንድሜ በዚያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ደመናው ጠቆረ። የጭነት መኪናው ሾፌር ነገ ወርጄ እስከ መስከረም አልመለስም አለ። ላምባም ምድጃው ውስጥ ካለው በቀር ከከተማው ጠፍቷል። እኔ አክስትዬዋን ከተራራው ማዶ ወዳሉት እህትዎ ልውሰድዎት አልኳቸው። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ሳየው መጀመሪያ ለአንቺ ላሳይሽ አልነበር እንዴ ማለቱ ነው። ታዲያ እሳቸውን ማን ይያዝልህ አልኩት በዓይኔ።

መንገዱ አለቀ አይባልም። በቅሎ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፣ ለታመመ ጥጃ ዱአ ያደርጋሉ፣ እኔ ግን ልቤ የጓሮዋ ጎጆ ውስጥ ነው። ይኼኔ አይቶት ይሆን፣ ይኼኔ ላምባው አልቆ ይሆን እያልኩ ስበግን፣ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሆን ብለሽ ነው ያወጣሽኝ?»

«አዎ» አልኩ።

ሊቆጡ ነው ስል፣ «በይ ተቀመጪ። ቶሎ አንመለስ» አሉኝ።

ስንመለስ ጎጆዋ ተከፍታለች፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ወንድሜ ደጁ ላይ ቆሞ ይስቃል። ሚዶውን አይቶት፣ ስሎት ጨርሷል። አክስትዬዋ እልል አሉ። እኔ አሳየኝ ብዬ ወደ ምድጃው ስሮጥ ላምባው አልቋል። ነጠላዬን አንጠልጥዬ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፣ ጎረቤት አንኳኳሁ፤ ለኩራዝ የሚሆን እንኳ የለም። መስታወቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ መኪናው ጎህ ሲቀድ ይወጣል።

መምህሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ወንድሜ እዚያው እሳቸው ዘንድ ቀረ። በዚያች ማታ ግን ሊያጽናናኝ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ይኼ አረንጓዴው ነው፣ ይኼ ሰማያዊው ነው እያለ በጣቱ ያሳየኛል። የማየው የእርሳስ ጭረት ነው፤ ሁሉም ግራጫ።

«የቱ ነው አረንጓዴው?» አልኩት።

እንደገና አሳየኝ።