አሥራ አራቱ ነጫጭ ቁራጮች

ጥቅምት ሲገባ በስታይንሆልመን ደሴት የጀልባ ሞተር ሁሉ ለበረዶው ክረምት ሊዘጋጅ ወደ ራግንቫል ጎጆ ይመጣል። ሰውዬው ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አላገባም፣ ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ከከተማ ለበጋ የሚመጡትን እንግዶች ግን ሲቆጣ ደሴቱ ሁሉ ይሰማዋል። «የባሕር ጨው ብረት ይበላል! ከባሕር ስትመለሱ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ሳታጥቡ ወይን ልትጠጡ ትሮጣላችሁ!» ይላቸዋል። እነሱም ይስቃሉ፣ በዓመቱም የዛገ ሞተር ይዘውለት ይመጣሉ።

ዘንድሮ አልተቆጣም። በነሐሴ ታናሽ ወንድሙ ኤይለርት የሸርጣን ወጥመድ ሊያነሣ ብቻውን ወጥቶ ከጀልባው ወደቀ። ሞተሩ አልጠፋም። ጀልባዋ ቤንዚኗ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሙሉ በራሷ ስትዞር ቆየች፤ የኤይለርትን አስከሬን ከዚያ በኋላ አገኙት። ራግንቫል በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። በላ፣ ተኛ፣ ተነሣ፣ ሞተር ፈታ። ሰው እጁን ጨብጦ ሲያጽናናው የሌላ ሰው እጅ የተጨበጠ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን የኤይለርት ሚስት ሱኒቫ የሟቹን ሞተር በእጅ ጋሪ እየገፋች መጣች።

«እንደ ወትሮው አድርገህ ለክረምት አዘጋጅልኝ» አለችው።

«ልትሸጪው ነው?»

«ምን በወጣኝ! ጸደይ ሲሆን ራሴ እነዳዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ምነው፣ ቀሚስ ለባሽ አይንዳ የሚል ሕግ ወጣ እንዴ?»

ራግንቫል ሞተሩን አንሥቶ በውሃ በተሞላው በርሜል ጠርዝ ላይ አሰረው። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበ፤ ወዲያው ተነሣ። በጎኑ የሚወጣው ውሃ ቀጥ ብሎ ፈሰሰ። ጨዉ ታጥቦ ሲያልቅ አጠፋው፣ ካንዴላዎቹን ነቅሎ አየ፣ ከታች ያለውን ዘይት በጣሳ አንጠፈጠፈ። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፤ ይህ ግን ጥርት ያለ ነበር። አንድም እንከን አልነበረውም። ራግንቫል ይህን ሞተር ዘጠኝ ዓመት በእጁ ሲንከባከበው ኖሯል፤ እንዲህ ባያሳምረው ኖሮ ምናልባት ያን ቀን ተንተባትቦ ይቆም ነበር። ይህን አሰበ፤ አስቦም ምንም አልተሰማው።

ከዚያ ከቀዩ የሞተር ማጥፊያ ሥር ነጯን የፕላስቲክ ቁራጭ አያት።

በዚያ ቦታ መሰካት ያለበት የቀይ ገመድ ጫፍ ነው። ሌላው ጫፍ ከነጂው እጅ ይታሰራል፤ ሰው ሲወድቅ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። የደሴቱ ሰው ግን ወጥመድ ለማንሣት ወደ ኋላ በተራመደ ቁጥር ሞተሩ እየጠፋ አስቸገረው። «ገመድ ለበጋ እንግዳ ነው» ይባባላሉ። ራግንቫልም ካቻምና ከቀለም ባልዲ ክዳን በገመዱ ፈንታ የምትሰካ ቁራጭ ቀረጸ፤ ገመድ አያስፈልጋት፣ ሰው ቢወድቅም አትነቀል። አሥራ አራት ሠርቶ አንዷን ለራሱ አስቀረ፣ የቀሩትን ለገና ለወንድሙና ለጎረቤቱ ሁሉ አደለ። ሁሉም መረቁት።

አሁን ነቅሎ ኪሱ ቢከታት ማንም አያውቅ። ሆድ ይፍጀው ማለት ይችል ነበር። እስከዛሬም ያደረገው ይህንኑ ነው። መዳፉ ላይ አድርጎ ለሱኒቫ ዘረጋላት።

«ይቺን የሠራኋት እኔ ነኝ።»

ሱኒቫ ቁራጯን ሳይሆን እሱን አየችው። «አውቃለሁ። በቀይ ወረቀት ጠቅልለህ አይደል የሰጠኸው? ሦስታችንም ስንስቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትናገር እየጠበቅሁህ። ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅሁህ፣ አንተ ድንጋይ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከዚያም ተመለሰ። «ስንት ነው የሠራኸው?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ ሦስቱ የት አሉ?»

ራግንቫል ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ደሴቱን ከቤት ወደ ቤት ዞረ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰጡት። ኦድላይፍ የሚባለው ጎረቤቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ተከራከረው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! ገመድ ለበጋ እንግዳ ነው ያልከው አንተው አይደለህም?»

«እኔው ነኝ። አምጣት።»

ኦድላይፍ ፊቱን ሲያይ ቀልዱን ተወ፤ ወርዶ ከጀልባው ነቅሎ አመጣለት።

አሥራ ሁለት ሆኑ። አሥራ ሦስተኛዋ የራሱ ነበረች። ወደ ጀልባው ወርዶ ነቀላት። ከመቀመጫው ሥር ቀዩን ገመድ አወጣ፤ ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ አልወጣም ነበር። ገመዱን ሰክቶ ሌላውን ጫፍ ከእጁ አንጓ ጋር አሰረ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ከወደቡ ትንሽ ወጣ አለ። ከዚያ የአርባ ዓመት ልማዱ አሸነፈውና ከመሪው ተነሥቶ ወደ ኋላ ተራመደ። ገመዱ እጁን ያዝ አድርጎ ተነቀለ።

ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ጥቂት ተንሸራታ ቆመች። ራግንቫል ዞሮ ገመዱ ከተነቀለበት እስከ ቆመችበት ያለውን ውሃ በዓይኑ ለካው፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ኤይለርት ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሱ ይልቅ ዋና ይችል ነበር።

ራግንቫል ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከነሐሴ ወዲህ ገና ዛሬ ማልቀሱ ነው። ሱኒቫ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆማ ትመለከተው ነበር፤ ጨርሶ እስኪመለስም አልጠራችውም።